የአምባሳደር ሳል

አምባሳደር የሳለው ሕፃኗ ፀሎት የልደት ሻማዋን ልታጠፋ ጉንጯን በነፋችበት ቅጽበት ነበር። እሷ ሳትተነፍስ ሻማዎቹ ሁሉ ድርግም አሉ። ክሬሙ ላይ ያረፈው ነገር ምን እንደሆነ ቀርቦ ለማየት የደፈረ አዋቂ አልነበረም። ሕፃናቱ ግን አዳራሹን በጩኸት አናጉት።

"ይድገመው! ይድገመው!"

አምባሳደር ደገመው።

አጥናፉ ልጓሙን ይዞ ትንሹን ፈረስ ከኬኩ ለማራቅ ሲታገል የልጅቷ እናት ጦቢያ ጠጋ አለችው። ፊቷ እንደ ሻማዎቹ ጠፍቷል።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር... ማለቴ፣ ይተላለፋል እንዴ?"

"ኧረ ምንም አይደለም ልጄ። ብርድ መትቶት ነው።"

"በቃ ይሂድልኝ። እባክዎ፣ በጓሮ በኩል።"

አጥናፉ ሒሳብ ለመጠየቅ አፍሮ በጓሮ በኩል ወጣ።

ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንድ ኤምባሲ ሾፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ ሱቅ ክፈት፣ ላዳ ግዛ እያለ ሲመክረው፣ እሱ ከወገቡ ብዙም የማይበልጥ ድንክ ፈረስ ገዝቶ መጣ። ልደት ባለበት እየሄደ ልጆች ያስቀምጥበታል። ስሙን አምባሳደር ያለው ቆሞ ሁሉን እየሰማ አንዲት ነገር ስለማይተነፍስ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በኋላ ወንበር ያመላለሳቸው ሰዎችም እንደዚያው ነበሩ።

ስለ በሽታ ደግሞ አጥናፉ አንድ እምነት ብቻ ነበረው፤ የበሽታ ሁሉ አባት ንፋስ ነው። ወገብ ያመመው ንፋስ ገብቶበት ነው፣ ጥርስ ያመመው ንፋስ መትቶት ነው። በሾፌርነቱ ዘመን አንድ ፈረንጅ መስኮት ባስከፈተው ቁጥር አንገቱን በፎጣ ጠምጥሞ ነበር የሚነዳው። ስለዚህ ከካዛንቺስ ወደ ሰፈሩ ወደ ቡልጋሪያ ሲመለሱ፣ አምባሳደር ዳገቱ ላይ ቆሞ ሆዱ እንደ ወናፍ ሲነፋና ሲሟሽሽ፣ ኮቱን አውልቆ ደረበለት።

ከጎናቸው የቆመው የሚኒባስ ረዳት አንገቱን አወጣና "ፋዘር፣ ካርቦራተሩን አስጠርገው!" አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። አጥናፉ አልሳቀም።

ቤት እንደደረሱ ሥራውን ጀመረ። የድሮ መኪና ማቆሚያ የነበረውን ቆርቆሮ ቤት፣ የአሁኑን ጋጣ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ደፈነ። መስኮቱን በካርቶን ከደነው፣ የበሩን ሥር በማዳበሪያ ጆንያ ጠቀጠቀው፤ እንዲሞቀው ብሎ ደረቅ ድርቆሽ እስከ ጉልበቱ ከመረለት፤ በመጨረሻም ጋቢ አለበሰው።

ሚስቱ ሸዋአየሁ ጋጣው ደጃፍ ላይ ሸራ ዘርግታ ዛላ በርበሬ ታሰጣለች። በርበሬ አዘጋጅታ ለደንበኞቿ መሸጥ ሥራዋ ነው። ቀና ብላ አየችው።

"የኔን ጋቢ ነው ያለበስከው?"

"ብርድ መትቶታል።"

"እኔ የታመምኩ ጊዜ ፎጣ ነው የደረብክብኝ።"

"አንቺ ሲበርድሽ ትናገሪያለሽ፤ እሱ በምን አፉ ይናገር?"

ነጭ ሽንኩርት በማር ሰጠው፤ ማሩን ልሶ ሽንኩርቱን ተፋ። ጤናዳም ሰጠው፤ ሳለ። ፌጦ ሰጠው፤ አጥናፉ ፊት ላይ ሳለ። ሳምንቱ ሲጋመስ አምባሳደር መብላትም ተወ፤ አፍንጫውን ከፍቶ አየር ከሩቅ አገር እየጎተተ የሚያመጣ መሰለ። አጥናፉ ፈራ። ልጓሙን አንጠልጥሎ ባዶ ጋጣ ፊት የቆመ ሽማግሌ ታየው። ወደ መድኃኒት ቤት ሮጠ።

"የሳል መድኃኒት፣ ጠንካራውን" አላት ነጭ ጋውን ለለበሰችው ወጣት።

"ለማን ነው?"

"ለአምባሳደር።"

ልጅቷ ጋውኗን አስተካከለች። "የየት አገር?"

"የሰላሌ።"

"የሴራሊዮን... እሺ። ዕድሜያቸው?"

"ስድስት።"

"ስድሳ ስንት?"

"ስድስት። ስድስት ብቻ።"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው፤ ቀልድ አላየችበትም። "ክብደታቸውስ?"

"ሁለት ኩንታል ቢጠጋ ነው።"

"ሁለት... ጋሼ፣ የማይስማማቸው ምግብ አለ?"

"ኧረ ሣር ብቻ ነው የሚበላው።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ጋሼ፣ አምባሳደሩ ስንት እግር አላቸው?"

"አራት ነዋ!"

ከመደርደሪያው ኋላ ገብታ ሳቋን ጨርሳ ስትመለስ ዓይኗን እየጠረገች ነበር። የሰው መድኃኒት ለፈረስ እንደማትሸጥ ነገረችው፤ ግን የእንስሳት ሐኪም የሆነች ጓደኛዋን ደውላ ለመነችለት።

ዶክተር ፋኢዛ በማግስቱ ጠዋት መጣች። የጋጣውን በር ከፍታ አንድ እርምጃ ገባች፣ ከፈረሱ ቀድማ ሳለች፣ ተመልሳ ወጣች።

"ጋሼ አጥናፉ፣ እርስዎ እዚህ ውስጥ ማደር ይችላሉ?"

"እኔማ ቤት አለኝ።"

አምባሳደርን ወደ ደጅ አስወጣችው። ማዳመጫዋን ጎኑ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ አንድ እፍኝ ድርቆሽ አንስታ ፀሐይ ላይ አራገፈችው፤ ነጭ ብናኝ እንደ ዱቄት ቦነነ።

"ይኸውልዎ። ሻጋታና አቧራ ነው። ቀንም ሌሊትም ይሄንን ይስባል። የሽንቱ ሽታ ደግሞ እዚህ ታፍኖ ሳንባውን ያቃጥለዋል። ሰውን እንደሚይዘው አስም ማለት ነው።"

"አስም? ፈረስ?"

"ፈረስም ሳንባ አለው፣ ጋሼ። ጨርሶ አይድንም፤ ከተጠነቀቁለት ግን በደህና ይኖራል። ድርቆሹን በውሃ ዘፍዝፈው ይስጡት። መኝታውን በየቀኑ ያጽዱለት፤ ሲያጸዱም እሱን ያስወጡት። ጋጣውን በሁለት በኩል ይክፈቱት፣ ንፋስ ይግባ።"

"ንፋስ?"

"ንፋስ። መድኃኒቱ እሱ ነው።"

አጥናፉ ቅቤ በጾም ተፈቅዷል የተባለ ያህል ደነገጠ። ሸዋአየሁ ግን ከሸራዋ ላይ ብድግ አለች።

"እሰይ! ጋቢዬን አልብሶ ሲያፍነው! ለእኔ ያልሰጠውን ጋቢ ሰጥቶ ገደለው፣ ገደለው እንጂ!"

ዶክተሯ ወደ እሷ ዞረች። ዓይኗ ሸራው ላይ አረፈ።

"እትዬ፣ ይሄ በርበሬ ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚሰጣው?"

"አዎ። ፀሐይ የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው" አለች ሸዋአየሁ፣ እጇ አየር ላይ እንዳለ።

"እሱም አይስማማውም። ይቅርታ።"

አጥናፉ ጉሮሮውን እንኳ አልጠረገም፤ ከምን ጊዜ ወዲህ ብልህ እንደሆነ አይታወቅም።

"ባሌ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ በርበሬ ሲያስነጥስ ኖሯል" አለች ሸዋአየሁ ቀስ ብላ። "በርበሬሽን አንሺ ያለኝ ሐኪም የለም።"

ዶክተር ፋኢዛ ለአምባሳደር መርፌ ወጋችው፤ ሳሉ እስኪጠፋና እሷ ዳግም እስክታየው ድረስም ሥራ ከለከለችው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ጃዋር፣ የሰፈሩ ጋራዥ በያጅ፣ መቁረጫውን ይዞ መጣና የቆርቆሮውን ግድግዳ ከፊትም ከኋላም ከፈተው። ሥራውን ጨርሶ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አየው።

"በቃ ፋዘር፣ ፉል ኦፕሽን ሆነ። ኤሲ ብቻ ነው የቀረው።"

አጥናፉ በአንዱ ቀዳዳ የገባው ንፋስ በሌላው ሲወጣ፣ በመካከሉም የአምባሳደርን ጋማ ሲያመሰው አየና የራሱን አንገት በፎጣ ጠመጠመ።

ድርቆሹን በሸዋአየሁ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዘፈዝፍ ጀመር፤ ይህም ሰላም አላመጣም። አምባሳደር ግን መብላት ጀመረ፣ ሌሊት መሳሉንም ተወ። ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ ሸዋአየሁ በርበሬዋን ስታገላብጥ፣ ይስላል። አጥናፉ አንሺው ሊላት አልደፈረም። በርበሬው የሷ እንጀራ መሆኑን ያውቃል፤ የሷን ምላስም ያውቃል። ባልና ሚስት የሚነጋገሩት በፈረሱ በኩል ሆነ።

"አምባሳደር፣ ሰውየው ምሳ ይበላ እንደሆነ ጠይቅልኝ።"

"አምባሳደር፣ ይበላል በላት።"

አምባሳደር እንደ ወትሮው ሁሉን ሰምቶ ዝም ይላል።

አንድ ጠዋት አጥናፉ ሲወጣ ሸራው ተጠቅልሏል። በርበሬው ጆንያ ውስጥ ገብቶ አፉ ታስሯል። ሸዋአየሁ ጫማዋን አድርጋ ቆማለች።

"ላንቻ፣ ወርቄ ጋ ልወስደው ነው። ሰፊ ግቢ አላት" አለች። ወርቄ ታናሽ እህቷ ናት። "ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ትናንት ሲስል ቀና ብሎ አየኝ።"

"እና?"

"እናማ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ሰው እንኳ እንደሱ አያይም።"

አጥናፉ ጆንያውን ትከሻው ላይ አወጣና ተከተላት።

የወርቄ ግቢ እውነትም ሰፊ ነበር። ሸራው ተዘረጋ፣ በርበሬው ፈሰሰ፤ ሁለቱ እህትማማቾች ቅርጫት በመካከል አድርገው ዛላውን ይቀነጥሱ ጀመር። አጥናፉ ሥራ እንደሌለው ሰው ጥላ ሥር ቆመ። ስልኩ ጠራ።

"የፈረሱ ባለቤት ነዎት? ሠርግ ነበረን። ሙሽራው በፈረስ ሆኖ አዳራሹ ውስጥ ይገባል። ጭስ የሚለቅ ማሽን ስላለ፣ ከጭሱ መሀል ብቅ ማለት ነው። ሒሳቡን እንደፈለጉ ይበሉ።"

አጥናፉ ሙሽራውን በልቡ አምባሳደር ላይ አስቀመጠው፤ እግሮቹ መሬት ሲጎተቱ ታዩት። ከዚያ ጭሱን አሰበ። ሒሳቡንም አሰበ፣ ረዘም አድርጎ። የእህትማማቾቹ እጅ ቆሟል፤ ሁለቱም ያዩታል።

"አልተመቸንም" አለ። "አምባሳደር ዕረፍት ላይ ናቸው።"

"መቼ ይመለሳሉ?"

"ሐኪማቸው ሲፈቅድ።"

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሸዋአየሁ አንድ ዛላ ቀንጥሳ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለች።

"እስከዚያ አንተስ ምን ልትሠራ ነው?" አለችው። በፈረሱ በኩል አልነበረም የጠየቀችው።

አጥናፉ አስነጠሰ። ደግሞ አስነጠሰ። ከዚያ የአንገቱን ፎጣ አፍንጫውን እንዲሸፍን ወደ ላይ ሳበና በርጩማ ጎትቶ በሁለቱ መካከል ተቀመጠ።

"ቅርጫቱን ወደዚህ ጠጋ አድርጊው" አላት።