የአዞው ሰንደቅ

ኩኩዋ ለአባቷ ቀብር የሚሆን ጨርቅ ለመግዛት ከአክስቷ ከማንሳ ጋር ወደ ኬፕ ኮስት መሀል ከተማ የወረደችው ዐርብ ጠዋት ነበር። የኮቶኩራባ ገበያዋ ነጋዴ ቀይና ጥቁሩን ጣቃ እያገላበጠች፣ «ሐዘኑ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የወንድሜ የኤቦ» አለች ማንሳ።

«ባንዲራ ይዞ የሚጨፍረው ኤቦ? ውይ! እንግዲያማ ቀለሙ የሚለቅ ጨርቅ አልሸጥላችሁም።»

«ሐዘኔን አይተሽ ዋጋ ልትቆልይብኝ ነው አይደል?»

«አንቺ ደግሞ! ለኤቦ ስል እቀንሳለሁ። ብዙ ግን እንዳትጠብቂ።»

ማንሳ በእንባዋ መካከል ፈገግ አለች፤ የኩኩዋ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነበር። አባቷ በወጣትነቱ፣ አሳፎ በሚባለው የሰፈሩ የጦር ማኅበር ውስጥ ሰንደቅ ይዞ የሚጨፍር ሰው ነበር። ኩኩዋን ባሳደገባት በአክራ ታሞ አልጋ ላይ ሳለ የተናገረው የመጨረሻ ቃልም «በማኅበሬ ሰንደቅ ሥር ውሰዱኝ» የሚል ነበር። የማኅበሩ ሰንደቅ ግን በሚያፈስስ ጣሪያ ሥር በስብሶ ቀርቷል፤ አዲስ ቢሰፋም ለነገው ቀብር አይደርስም። ሰው ከእናቱ ደሙን፣ ከአባቱ ማኅበሩን ይወርሳል በሚባልበት አገር፣ ለኩኩዋ የሚቀርላት ውርስ ባዶ የሰንደቅ እንጨት ብቻ ሊሆን ነው።

አክስቷ ዋጋ ስትከራከር ኩኩዋ እንግዶች ዶቃና ጭምብል ወደሚገዙበት፣ ወደ አሮጌው ምሽግ መንገድ ዘለቀች። በአንዱ ሱቅ ግድግዳ ላይ አንድ ያረጀ ሰንደቅ ተሰቅሎ አየች፦ ሰማያዊ መደብ፣ በላዩም ዓሣ በአፉ የያዘ አዞ። ወደ ውስጥ ገባች። አባቷ ሲያስተኛት የአዞና የዓሣ ተረት ይነግራት ነበር፤ የማኅበሩም ቀለም ሰማያዊ ነው። የማን እንደነበረ እንኳ ሳትጠይቅ ገዛችው።

በቀጥታ ባሕሩ ዳር ወዳለው የማኅበሩ ቤት ሄደችና ሰንደቁን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ዘረጋችው። እልልታ ጠብቃ ነበር። መረብ የሚጠግኑት ዓሣ አጥማጆች ግን ሥራቸውን አቆሙ፤ አንዱም ወስፌውን ወርውሮ ተነሣ። የማኅበሩ አለቃ፣ በማዕረጋቸው ናና የሚባሉት ኦቱ፣ ከውስጥ ብቅ አሉ።

«ናና፣ የአባቴን ሰንደቅ አገኘሁት!»

«ጠቅልይው» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አባትሽ አዞ ነው ያለሽ ማን ነው? እኛ ዓሣው ነን ልጄ። አዞው አፍ ውስጥ ያለነው እኛ ነን። ይህንን ተቀናቃኞቻችን የላይ ሰፈር ሰዎች እኛን ለመስደብ ነው የሰፉት።»

የጨርቁን እጥፋት ገለጥ አድርገው አሳዩአት። ፀሐይ ያልደረሰበት ስፍራ የላይ ሰፈር ቀለም፣ አረንጓዴ ነበር፤ ዕድሜ ነው ሰማያዊ ያስመሰለው።

«በአባቶቻችን ጊዜ ቢሆን ለዚህ ደም ይፈስ ነበር» አለ ወስፌውን የወረወረው መረብ ጠጋኝ።

«በአባቶቻችን ጊዜ ብቻ? እኔን አሁንም እጄን እየበላኝ ነው» አለ ጓደኛው።

ኩኩዋ ተንበረከከች። «አላወቅሁም፣ ናና።»

«እንዳላወቅሽማ ይታያል። ስድቡ ግን በአባትሽ ደጃፍ ተዘርግቷል። የማስታረቂያውን መጠጥ ታቀርቢያለሽ፤ ጨርቁንም ዛሬውኑ በገዛ እጅሽ ለባለቤቶቹ ትመልሻለሽ። ያ ካልሆነ ነገ ለኤቦ ከበሮ አይመታም።»

ማንሳ ነገሩን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል!» አለች፤ ቢሆንም መጠጡን ገዝተው ለናና ኦቱ ካቀረቡ በኋላ የኩኩዋን እጅ ለቀም አድርጋ አብራት ወደ ላይ ሰፈር ወጣች።

የዚያ ሰፈር አለቃ፣ ሽማግሌው እንትሲ፣ ሰንደቁን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ስፌቱን ዳሰሱ። «የወንድሜ እጅ ነው። ከሣጥናችን ተሰርቆ ቀርቷል ብለን ነበር።» ቀና አሉ። «አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»

«የኤቦ።»

«የዓሣው ኤቦ!» ባዶ ድዳቸውን አሳዩአት። «የፊት ጥርሴን በቡጢ የወሰደው እሱ እኮ ነው! በቀብርህ ላይ ጠግቤ እበላለሁ ብዬ ስዝትበት፣ በየትኛው ጥርስህ? አለኝ፤ ወስላታ።» ሳቃቸው ግን መሀል ላይ ተሰበረ። ሰንደቁን አጠፍ አድርገው፣ «ነገ በየት በኩል ነው የምታሳልፉት?» ሲሉ ጠየቁ።

በማግሥቱ የኤቦ ሬሳ ሳጥን በከበሮ ወጣ። ሰንደቅ አልነበረም፤ ናና ኦቱ ግን ኩኩዋን ከፊት አቆሟት። «በባዶ እጅሽ ያዢው» አሏት። ኩኩዋም በእጆቿ የሌለ ሰንደቅ እያውለበለበች፣ እግሯ የአባቷን እርምጃ እየፈለገ፣ ቀስ ብላ መጨፈር ጀመረች።

ሁለቱ ሰፈሮች በሚዋሰኑበት ማዕዘን ላይ የላይ ሰፈር ሰዎች ቆመው ነበር፤ ከበሮም ሰንደቅም አልያዙም። ናና ኦቱ እጃቸውን ሲያነሡ የከበሮው ድምፅ ቆመ።

እንትሲ የለበሱትን ጨርቅ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው፣ ከትከሻቸው ዝቅ አደረጉ፤ ሰዎቻቸውም ተከተሏቸው። ሽማግሌው ወደ ሳጥኑ ቀርበው ጎንበስ አሉ።

«አመለጥኸኝ አይደል፣ አንተ ዓሣ» አሉ።

ከበሮው እንደገና ተመታ። ኩኩዋ ባዶ እጆቿን ከፍ አደረገች፤ የባሕሩ ነፋስ በጣቶቿ መካከል አለፈ፤ ከኋላዋም የሁለቱ ሰፈሮች እግር አብሮ ተንቀሳቀሰ።