በጋሼ ክፍል የቀረው ኮምፒውተር

«አሁንስ ገባ?» ሲል ቴክኒሺያኑ ከጠረጴዛው ስር ጮኸ።

«የት አባቱ! ፓስወርዱን ተቀብሎኝ ጥቁር ሆኖ ቀረ» አለች የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ።

ከመስኮቱ ማዶ የታማሚዎቹ ሰልፍ ግቢው ድረስ ወርዷል። ሚስታቸውን ደግፈው የቆሙ አዛውንት «እኛ እንጠብቃለን ልጄ፣ በሽታው ነው የማይጠብቀው» አሉ።

ቴክኒሺያኑ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ። ገመዱ ደህና ነው። የሆስፒታሉ ሠራተኞች ሁሉ የሚሠሩት በአንድ ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ ነው፤ ማንም ሰው ከየትኛውም ክፍል ስሙንና ፓስወርዱን ሲያስገባ የራሱ ገጽ ይከፈትለታል። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ገጹ እስኪመጣ ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ሰርቨሩን አጥፍቶ አብርቷል፤ ዲስኩን አጽድቷል፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ዳይሬክተሩም «ዛሬ ካልሆነልህ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» ብለውታል።

ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሄደና ሥዕል በሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ በሚሠራው መግቢያ በኩል ገባ። ወዲያው ተከፈተ። እንግዲያው ችግሩ ፓስወርዱ ላይ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ገጹ ሲሰናዳ ነው። ሰርቨሩ የመዘገበውን መስመር በመስመር አነበበ። ሰው በገባ ቁጥር ሰርቨሩ አንድ ኮምፒውተር ይጠራል፤ መልስ ሲያጣ ይጠብቃል፤ ደግሞ ይጠራል፤ በመጨረሻ ተስፋ ይቆርጣል።

የኮምፒውተሩን ስም ሲያይ ደነገጠ። የጋሼ ነው፤ ሙያውን ያስተማሩት፣ ከክረምቱ በፊት ድንገት ያረፉት ሰው። የሆስፒታሉን ቅጾች ሁሉ በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው፣ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ገጽ ላይ እንዲታዩ ያደረጉት እሳቸው ነበሩ። «ለጊዜው ነው» ይሉ ነበር። ለጊዜው የተባለው ዓመታት ቆየ።

ግን ጋሼ ከሞቱ ስንት ጊዜ ሆናቸው! ነገሩ ለምን ባለፈው ሳምንት ጀመረ? ክፍላቸው ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ዘንድ ነው፤ የጋሼ ሚስት ናት። ወደ እሷ ተመለሰ።

«እትዬ፣ የጋሼን ኮምፒውተር የነካ ሰው አለ?»

እጇ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። «እኔ ነኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምን አደረጉት?»

«ጠዋት ጠዋት ከሰው ቀድሜ እየገባሁ አበራው ነበር። ማራገቢያው ሲጮህ እሱ ያለ ይመስለኛል። ትንሽ ተቀምጬ፣ እስከ ማታ እንደበራ ትቼው ወደ ሥራዬ እመጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጄ ‹እማዬ፣ እስከ መቼ ነው?› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማብራቱን ተውኩት።» ቀና ብላ ሰልፉን አየች። «ይሄን ሁሉ ሕዝብ ያቆምኩት እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«ኧረ እርስዎ ምን አጠፉ! ሰርቨሩ ነው እንጂ። መሞታቸውን የነገረው የለም።»

ፊቷ ድንገት በራ። «በቃ፣ በየጠዋቱ ላብራዋ! አይከብደኝም።»

ቴክኒሺያኑ እሺ ሊላት አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚህ የሚቀል ነገር አልነበረም። «አንድ ቀን ቢያምዎትስ?» አለ በመጨረሻ፣ አይኗን ላለማየት መሬት መሬቱን እያየ።

መስኮቷን ለባልደረባዋ ትታ ቁልፉን ይዛ ተከተለችው።

ክፍሉ አቧራ አቧራ ይሸታል። ኮምፒውተሩን አብርቶ ቅጾቹን ወደ ሰርቨሩ ገለበጠ፤ ሰርቨሩ ጋሼን እንዲጠራ የሚያዝዘውን መስመርም ሰረዘ። እሷ በባሏ ወንበር ላይ ተቀምጣ ማራገቢያውን ታዳምጥ ነበር።

«አሁን ይሄ ጠፍቶ መሞከር አለብን» አለና እጁን ዘረጋ።

«ተወው። እኔ ላጥፋው።»

ጣቷን ወደ ማጥፊያው ሰደደች። ከዚያ ተጫነችው። ማራገቢያው እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ጸጥ አለ።

ከኮሪደሩ ጫፍ የባልደረባዋ ድምፅ ተሰማ፤ «ኧረ ገባ! ወዲያው ገባ!» ሰልፈኛው አጨበጨበ፤ አንዱ በፉጨት አጀበ።

ሴትዮዋ ተነሣች። ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን የባሏን ኮት አወረደችና፣ አቧራውን በመዳፏ ጠርጋ በክንዷ ላይ አጠፈችው። ቴክኒሺያኑ ሊቆልፍ በሩን ሳብ ሲያደርግ እጁን ያዘችው።

«ክፍት ተወው ልጄ» አለች። «አየር ይግባበት። ነገ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል።»