የዶክተሩ ድግምት

«ጥቁሩን ደብተር ማን ነካው?» አለች ፊዮሪ፣ የአባቷን መሳቢያ ለሦስተኛ ጊዜ እየበረበረች።

ዕለቱ የአባቷ ሣልስት ነው። ገርጂ፣ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ በተተከለው ድንኳን ለቀስተኛው ንፍሮውን እየቃመ ይንሾካሾካል፤ አውሮፕላን ባናቱ ሲያልፍ ዝም ይላል፣ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል። ፊዮሪ ግን መቀመጫ አጥታለች። ከድንኳን ቤት፣ ከቤት ድንኳን። «እረፊ እንጂ ልጄ!» ይሏታል። እንዴት ትረፍ? አባቷ ዶክተር ገብረዋሕድ ሠላሳ ዓመት የደከመበት የሎጂክ ማረጋገጫ ያለው እዚያ ደብተር ላይ ብቻ ነው። ዋርሶ ያሉ ባልደረቦቹ ሊያሳትሙለት እየጠበቁ ነው፤ ግልባጭ ደግሞ የለውም።

ወጣትነቱን ፖላንድ ሎጂክ ሲማር፣ የቀረውን ዕድሜውን እዚህ የፖላንድ ፈላስፎችን ሲያጠና ጨረሰ። ቤተ ዘመዱ «ለመሆኑ ሥራህ ምንድነው?» እንዳለው ሞተ። ለፊዮሪ ግን ገና በስድስት ዓመቷ አስረድቷት ነበር።

«አማርኛ ነው ወይም አይደለም ለማለት ግሱን እስከ መጨረሻ ያስጠብቅሻል። የኔ ፖላንዶች ደግሞ ማፍረሻውን ከፊት ያስቀምጡታል። N የቀደመችው ነገር ሁሉ ፈረሰ ማለት ነው።»

ከዚያ ወዲያ «ኤን ጠገብኩ!» እያለች ጉርሻ ታስደግመው ነበር።

ደብተሩን መታጠቢያ ቤት አገኘችው። ሳፋ ውስጥ ተነክሯል፤ ቀለሙ ለቆ ውሃው ሰማያዊ ሆኗል። አጠገቡ ባዶ የጸበል ጀሪካን አለ። የአባቷ ታላቅ እህት ወይዘሮ ለተብርሃን በሩ ላይ ቆመዋል።

«አሞይ! ምን አደረጉ?»

«አንቺን ላተርፍ ነዋ፣ ጓለይ! አየሁት እኮ። አንዱን ፊደል ሦስቴ፣ አራቴ ይደጋግመዋል። ይሄ ድግምት ካልሆነ ምንድነው? ወንድሜን የበላው እሱ ነው!»

«ሥራው ነው! ዕድሜውን ሙሉ የለፋበት ሥራው! አባቴንስ አሁን ገደሉት!»

የአክስቷ ፊት ዐመድ መሰለ። ፊዮሪ ቃሉ ካፏ እንደወጣ ጸጸታት፤ ግን ይቅርታ አልጠየቀችም። እየሮጠች ወርዳ ግቢው በር ላይ ስትደርስ ቆመች። የተለጠፈው ወረቀት «ዶክተር ገብረዋሕድ በሞት ተለይተውናል» ይላል። እስክሪብቶ አወጣችና ከስሙ ፊት ትልቅ N ጻፈች።

ለተብርሃን ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ፣ እያለከለኩ ደረሱባት።

«ምን ጻፍሽበት?»

«የሱን ፊደል። እሷ ከቀደመች የተከተለው ሁሉ ውሸት ነው ማለት ነው።»

አክስቷ ወረቀቱን ብዙ አዩት። እንባቸው ወረደ።

«በይ ድገሚው» አሉ፤ «እንዲጠና።»

«አይደገምም፣ አሞይ። ሁለት ከሆነች አንዷ ሌላዋን ታፈርሳለች። ተመልሶ ይሞታል።»

«እግዚኦ!» አሉ ለተብርሃን። እስክሪብቶውን ከእጇ ነጥቀው ክዳኑን ግጥም አድርገው ከደኑት።