የቀጨጨው ግልገል

እኛ ዘንድ፣ ደገሃቡር አካባቢ፣ ሰውን «ሌባ» ብትለው ካሣ ከፍለህ ትታረቃለህ። «አቀጫጭ» የተባለ ግን አለቀለት። አቀጫጭ ማለት የግመል ግልገልን የእናቱን ወተት ነፍጎ ያከሳ ሰው ነው። ግመል አራት ጡት አላት፤ ሁለቱ የሰው፣ ሁለቱ የግልገሉ ነው። የግልገሉን ለነካ ሰው ዳግመኛ የምትታለብ ግመል የሚያውሰው የለም።

ጎረቤቴ ኡባህ ባሏ ከሞተ ወዲህ አራት ልጆቿን የምታሳድገው በውሰት ግመል ነው። ያዋሳት የባሏ አጎት ሮብሌ ነው። ሰውዬው ደግ ነው፣ አልክድም፤ ግን ደግነቱን በየሁለት ቀኑ እየመጣ ካላየው እንቅልፍ አይወስደውም። ሰሞኑን መጥቶ ግልገሉን ቢዳስሰው የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። በማግስቱ ሽማግሌ ሰብስቦ ከሰሳት።

እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ እሰማለሁ። ያ ስም ከተለጠፈባት ልጆቿ ምን ሊጠጡ ነው?

ሮብሌ ብዙ ተናገረ፤ የአያቱን ግመሎች ሳይቀር አነሳ። ሽማግሌው ጉሌድ ሲያንጎላጁ ቆይተው የግልገሉን ጡት ነክታ እንደሆነ ኡባህን ጠየቋት።

«አልቤዋለሁ፣ አዴር» አለች፤ በአክብሮት «አጎቴ» ማለቷ ነው።

ሰው አጉረመረመ። እኔማ አፏን በያዝኩት ብዬ ተመኘሁ።

«ለልጆችሽ ነው?»

«አይደለም። ልጆቼ በሁለቱ ጡት ያድራሉ። ለእንግዳ ነው። ባሌ ሞተ ብዬ እንግዳ ጉሮሮው ደርቆ ይውጣ?»

ማን እንደሆነ አልተናገረችም፤ ያስተናገዱትን ሰው ስም መጥራት ነውር ነው። ሁሉም ግን ወደ ሮብሌ ዞረ።

«አንድ ጮጮ ወተት ብቻ እኮ ነው የምጠጣው» አለ ሮብሌ።

«ትልቁን ጮጮ ነው ትንሹን?» አሉ ጉሌድ።

ሳቁ ግመሎቹን አስደነበረ። ጉሌድ ግመሏ ኡባህ ዘንድ ትቆይ ብለው ፈረዱ፤ አቀጫጩ ማን እንደሆነ ለመናገር እንኳ አልደከሙም።

ሸንጎው ሊበተን ሲል ኡባህ ሙሉ ጮጮ ይዛ መጣች። ሽማግሌዎቹም እንግዶቿ ናቸዋ! ጉሌድ ተቀበሉ፣ ግልገሉን አዩት፣ ሳይቀምሱ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሽማግሌ አቀበሉ። እሱም እንዲሁ አደረገ። ጮጮው ሰባቱንም ሽማግሌዎች ዞሮ ሳይጎድል ሮብሌ እጅ ደረሰ።

ሮብሌ ምራቁን ዋጠ። ከዚያ ተነስቶ ሄደና ግልገሉ ፊት ተንበረከከ፤ ጮጮውንም ዘንበል አድርጎ እስኪጨርስ ያዘለት።