አረንጓዴ የተቀባው ቀበሌ

አተት ቆላውን ባመሰበት በዚያ ክረምት፣ ረዲ ሮቤ ከተማ ካለ አንድ የጤና ቢሮ ተቀምጦ በፓይተን የኮምፒውተር ኮድ የበሽታውን ካርታ ይሠራ ነበር። በሽተኛ የበዛበት ቀበሌ ቀይ፣ በሽተኛ የሌለበት አረንጓዴ፣ ሪፖርት ያልላከ ደግሞ ግራጫ ይሆናል። ግሉኮስ የሚጭነው መኪና የሚነዳው ይህንኑ ካርታ ይዞ ነው። ሾፌሩ ግራጫ ሲያይ ጎራ ብሎ ይጠይቃል፤ አረንጓዴ ሲያይ ያልፋል።

ከደሎ መና ወዲያ ካሉት ግራጫዎች አንዱ የሃጂራ ቀበሌ ነበር። ሃጂራ የረዲ ታናሽ እህት ናት፤ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ሪፖርት ያልላከችው ሰንፋ ነው የሚል ቢኖር ምላሱ ይቆረጥ! ዝምታዋ ረዲን አሳስቦት ነበር።

አለቃው አቶ ደራራ ግን ግራጫ አይወድም። እንግዶች ከፊንፊኔ እየመጡበት ነው።

«ይህ ምንድነው? የተጣፈ ሱሪ አስመሰልከው እኮ!»

«ዳታ የሌላቸው ናቸው፣ አቶ ደራራ። ምን እንዳለ አናውቅም።»

«በሽታ ቢኖር ይጮሁ ነበር። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። የአንዱ ሠራተኛ እህትህ አይደለችም? ደውልላታ!»

ደወለ። ስልኩ ተነሣ።

«ሃጂራ፣ አካም?»

«ነጋ፣ ረዲ... ነጋ...» ድምፅዋ ሰልሏል። መስመሩ ተቋረጠ። ደግሞ ቢደውል ወፍ የለም።

በእነሱ አገር ሬሳ አጅቦ የመጣ ሰው እንኳ መጀመሪያ «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ ይላል፤ መርዶው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ረዲ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ደራራ ከኋላው ቆሞ «ሰላም አለች አይደል? የሌሎቹም ሰላም ነው» ሲለው ግን ያ ከንቱ ልጅ አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ። ለባዶ ዳታ ቀለም የምትሰጥ አንዲት መስመር ኮድ አለች። ከእሷ ላይ ግራጫን አጥፍቶ አረንጓዴ ጻፈ። ካርታው አማረ። ደራራም ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው።

ብዙ ሳይቆይ የሃጂራ መርዶ መጣ። ሾፌሩ ሙህዲን ከቆላ እንደተመለሰ ለቅሶ ሊደርስ ገባና ከረዲ አጠገብ ተቀመጠ።

«አላህ ይዘንላት። አይቻት ነበር» አለ መሬት መሬት እያየ። «መንገድ ዳር ሻርፗን አውለብልባ አስቆመችኝ። መቆም አቅቷት ድንጋይ ተደግፋለች። ሰው እያለቀ ነው፣ እኔንም ይዞኛል፣ ግሉኮስ ስጠኝ አለች። የያዝኩት ለቀዮቹ የተቆጠረ ነው፣ እናንተ ዘንድ ሰላም ነው ብዬ ካርታውን አሳየኋት።»

«ምን አለች?»

ሙህዲን ሊሄድ ብድግ አለ። ረዲ እጁን ጨብጦ ያዘው።

«ተናገር! ምን አለች?»

«ካርታውን የሚሠራው ወንድሜ ነው አለች። እሱ አረንጓዴ ካለን ሌላ መኪና ልኮልናል ማለት ነው፤ አንተ ሂድ፣ ለቀዮቹ ድረስላቸው አለችኝ።»