ቃለ ጉባኤው ይጽደቅ?

ለመሆኑ እናንተ፣ ከጀርባችሁ ማን ምን ብሎ እንደሚመሰክርላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እሷም አልጠየቀችም። ምስክሯ የእናቷ ወንድም ነበር፤ ሥጋ ዘመድ ይጠረጠራል እንዴ?

መሥሪያ ቤቷ ሲዘጋ ጸሐፊዋ ጠረጴዛዋን ከአልጋዋ ግርጌ ዘረጋች። ቀጠሮ መያዝ፣ ደብዳቤ ማርቀቅ፣ ፋይል ማደራጀት፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ፤ ቢሮ ሳይኖራት የብዙ ቢሮ ሰው ልትሆን። የመጀመሪያ ደንበኛዋ የነጋዴዎች ማኅበር ሊቀ መንበር የሆነው አጎቷ ነበር።

«አይዞሽ የእህቴ ልጅ» አላት። «ስለ አንቺ የሚጠይቅ ካለ ወደ እኔ ላኪው። አፌን ሞልቼ ነው የምመሰክርልሽ።»

ላከች። ከማኅበሩ አባላት ባለ ጋራዡንም፣ ባለ ፋርማሲዋንም። ሥራዋን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ፤ አጎቷን በጠየቁ ማግስት ስልኳን ማንሳት ተዉ። «ዕድልሽ ነው» ይላታል እሱ፣ ሌላ ደብዳቤ እያሸከማት። ደግነቱ! የሰው በር በተዘጋባት ቁጥር የእሱ ሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ይቆለላል። የቀራት ተስፋ ሊቀጥራት ያሰበው ሌላው የማኅበሩ አባል፣ የጥርስ ሐኪሙ ብቻ ነበር።

አጎቷ የማኅበሩን ስብሰባ በስልኩ ቀድቶ ይልክላታል፤ እሷ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትጽፋለች። «አንዲት ቃል እንዳትጥዪ» ማለት ልማዱ ነው። አንድ ቀን ታዲያ ስብሰባው ተበትኖ፣ ወንበሩ ሁሉ ተጎትቶም ቅጂው አላቆመም። ሰውየው መቅጃውን ማጥፋት ረስቷል።

«ያቺ የእህትዎ ልጅ፣ ልቅጠራት?» የጥርስ ሐኪሙ ድምፅ ነው።

«ሥራዋ ወርቅ ነው ዶክተር፤ አፏ ግን ወንፊት። የበሽተኛዎን ጥርስ ገበያ ታወጣዋለች።»

ሐኪሙ አመስግኖ ወጣ። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ሲስቅ ተሰማ። «እውነት ወሬኛ ናት፣ ጋሼ?»

«ኧረ ድንጋይ ናት! ሁሉም ከተሻሟት ግን የእኔን ሥራ ማን ሊሠራልኝ ነው?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚያን ቀን ጆሮዋ ዘመድ ሆነላት፤ ባዳው አጎቷ ሆኖ ተገኘ። አላለቀሰችም። እንደታዘዘችው አንዲት ቃል ሳትጥል ጻፈች።

በማኅበሩ ደንብ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ጮክ ተብሎ ሳይነበብ አይጸድቅም። ሁልጊዜ የሚያነበው ገንዘብ ያዡ ነበር፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ግን እሷ ራሷ መጥታ ቆመች። ስለ መብራቱ አነበበች፣ ስለ ጥበቃው አነበበች፣ ከዚያ «ሥራዋ ወርቅ ነው ዶክተር» ላይ ደረሰች።

«አቁሚ አንቺ! ይሄም ቃለ ጉባኤ ሆኖ?»

«አንዲት ቃል እንዳትጥዪ ብለውኛል፣ ጋሼ።» እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ለእኔም ወንፊት ናት ነው ያሉኝ!» አለ ባለ ጋራዡ ከኋላ። ባለ ፋርማሲዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሐኪሙ ጫማውን ያያል።

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለ አጎቷ ላቡን እየጠረገ። «ቤት እንነጋገራለን።»

«ቤት? ስሜን ያጠፉት ቤት ነው? እስቲ ምስጢሩን ያወጣሁበትን አንድ ሰው ይጥሩልኝ። አንድ! እነዚህ ሁሉ እየሰሙ፣ እዚሁ፣ አሁን ይመልሱልኝ!»