ለአማት የተሠራ ቡና

መኪና መንዳት የሚያስተምረው ሰውዬ ካፌ ገብቶ የቀመሰውን ሁሉ «ይቺማ ምን አላት! ቤቴ እሠራታለሁ» የማለት አመል ነበረበት። አመሉ ከአፉ አልፎ እጁ ላይ ደርሶ አያውቅም፤ አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ሊጠይቋቸው እስከመጡበት እሑድ ድረስ ማለት ነው።

ከአማቱ ጋር የነበራቸው ነገር እንዲህ ነው። በሠርጉ ማግስት፣ በደስታ ይሁን በድንጋጤ እንጃ፣ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስነሳ የእሳቸውን የአበባ መደብ ደፍጥጦት ወጣ። የመንዳት አስተማሪ! ስድስት ዓመት ሙሉ ከ«ደኅና ነህ?» እና ከ«ደኅና ዋል» በቀር ሌላ ቃል አልተነፈሱለትም። እሱም አፍሮ ይቅርታ ሳይጠይቅ ቀረ።

ነርስ የሆነችው ሚስቱ ያን ቀን ተረኛ ነበረች። «እስክመጣ ሻይ አፍላላትና አርፈህ ተቀመጥ» ብላው ወጣች። አርፎ መቀመጥ ግን አልፈጠረበትም። አማቱ አንዴ ካፌ ውስጥ ያንን ከላዩ ክሬም የተቆለለበትን ቀዝቃዛ ቡና ጠጥተው ሲያበቁ፣ የብርጭቆውን ቂጥ በማንኪያ ሲጠርጉ አይቷቸዋል።

ቡናውን አወፍሮ አፈላና አቀዘቀዘው። ከወተት፣ ከበረዶና ከቸኮሌት ጋር ፈጨው። ቀመሰው፤ ግሩም ነው! በራሱ ተደንቆ ማፏጨት ጀመረ። ከዚያ ክሬሙን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገልብጦ የኤሌክትሪክ መምቻውን ለቀቀበት። ክሬሙ ነጣ፣ አበጠ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማቆም የነበረበት እዚህ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ «ፍሬን! ፍሬን በጊዜ!» እያለ የሰው ጆሮ የሚያደነቁረው ሰውዬ ግን «ትንሽ ልጨምርለት» አለ።

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። መምቻውን ሳያጠፋ አንገቱን ወደ በሩ አስግጎ «መጣሁ! መጣሁ!» እያለ ጮኸ። ዞር ሲል ክሬሙ ተበጣጥሷል፤ የረጋ ቢጫ ነገር ውኃ ላይ ተንሳፍፏል።

በሩን ከፈተ። አማቱ ሰላም ሳይሉት ጫጫታውን ወደሰሙበት ወጥ ቤት አቀኑ። ሳህኑን አዩ፤ ቅንድቡ ላይ የተንጠለጠለውን ክሬም አዩ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቡና ነው፣ እማማ።»

«ይሄ ቡና ነው?»

«ሊሆን ነበር።»

አማቱ በጣታቸው ቀመሱት። «አንተ ሰውዬ፣ ቅቤ እኮ ነው የናጥከው!» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። ግድግዳ ተደግፈው፣ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

እሱ መጀመሪያ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቀጥሎ የእሳቸው ሳቅ ተጋባበት። «ምን ላድርግ እማማ፣ ያበላሸሁት ይሄን ብቻ መሰለዎት? የአበባዎንም ነገር ... ይቅር ይበሉኝ።»

«እሱንማ ረስቼዋለሁ» አሉ። ጣታቸውን በፎጣ ጠርገው ደግሞ «ጽጌረዳዎቹ ግን ቀያይ ነበሩ» አሉ።

ሚስቱ ስትመለስ ሁለቱም ወጥ ቤት ተቀምጠው ቅቤ የተቀባ ዳቦ እየበሉ፣ ክሬም ያላየውን ቡና ሲጠጡ አገኘቻቸው። ባሏ ያን የፈረደበት ክሬም ታሪክ እጁን እያወናጨፈ ያወራል፤ እናቷ ደግሞ «አይ፣ እሷን ዘለልካት፤ ከበሩ ጀምር» እያሉ ያርሙታል።

ባልና ሚስቱ ሲሸኟቸው አማቱ በሩ ላይ ዞር አሉ። «በመጪው እሑድ ክሬሙን እኔ እመታለሁ። አንተ ብርጭቆ ትይዛለህ» አሉት። ከዚያ አሰቡበትና «ብርጭቆውንም ልጄ ትያዘው» አሉ።